ጋብ ሳይል ወይስ ሳያባራ?

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎት ከኮዬ ፈጬ ነው። ዜና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ‹አንአቤትድ› (unabated) የሚለውን ቃል ሁልጊዜ ‹ያልተቋረጠ› እያልኩ ነበር የማልፈው። አርታኢዬ ‹ልክ አይደለም› አሉኝ። ታዲያ ምን ልበለው?»

መልስ፦ አርታኢዎ እውነታቸውን ነው። «ያልተቋረጠ» የሚነግረን ነገሩ መቀጠሉን ብቻ ነው። «አንአቤትድ» ግን በመጣበት ጉልበት መቀጠሉን ይነግረናል። ሥሩ የድሮ ፈረንሳይኛ ነው፤ መትቶ መጣል ማለት ነበር፤ ከፊቱ ያለው «አን» ደግሞ ያንን ያፈርሳል። ስለዚህ «አንአቤትድ» የተባለ ወጀብ ጉልበቱን የሰበረው ነገር የለም።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ነሐሴ ላይ የካ አባዶ ታክሲ ስጠብቅ ዝናብ ያዘኝ። ከአንዲት በቆሎ ጠባሽ ጋር ቆርቆሮ ሥር ተጠለልኩ። ጩኸቱ አያነጋግርም። ቆይቶ ድምፁ ሲቀንስ አንድ ልጅ ሊወጣ ተነሳ። «ቆይ እንጂ ልጄ፣ ጋብ አለ እንጂ መቼ አባራ!» አለችው።

መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጋብ ማለት ኃይል መቀነስ ነው፤ ማባራት ጨርሶ ማቆም። ዝናቡ ካፊያ ሲሆን ጋብ ብሏል፣ ግን አላባራም። ብዙ ተርጓሚዎች «ሳያባራ» ይላሉ። አያስወቅስም፤ ግን ካፊያም እኮ ሳያባራ ሊውል ይችላል። ለእኔ ልኩ «ጋብ ሳይል» ነው።

ለሁሉም ነገር ግን አይሆንም። ቁጣና ሐዘን የሚበርዱ ናቸው፦ «ሐዘኗ ዛሬም አልበረደላትም።» ፍቅርና ጉጉት ይቀዘቅዛሉ። ውጥረት እንደ ገመድ ይረግባል። ሙቀት መለስ ይላል። አማርኛ ለእያንዳንዱ የየራሱን ግስ ሰጥቶታል፤ ሁሉንም «ያልቀነሰ» እያልን ስናልፍ ይህን ሀብት ነው የምንጥለው።

አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛው ቃሉን አብዛኛውን ጊዜ «ቀጠለ» ከሚለው ግስ ኋላ ያስቀምጠዋል። ያንን ተከትለው «ጋብ ያላለ ሆኖ ቀጠለ» እንዳይሉ አደራ። «ቀጠለ» ራሱ ብዙ ጊዜ ትርፍ ነው። «ዝናቡ ጋብ ሳይል አደረ» በቂ ነው። ለጦርነት ዜናዎም «ውጊያው ጋብ ሳይል ሦስተኛ ቀኑን ያዘ» ይበሉ።