በቴሌግራም «ተቀጥረሃል» ለተባለው ወንድምሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ያየሁት አሁን ማታ ነው። ለሌሎቹም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው። ታናሽ ወንድምሽ ተመርቆ ሥራ እየፈለገ ነው። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ማስታወቂያ አይቶ ሲቪውን፣ ቴምፖውን (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃውን) እና የመታወቂያውን ፎቶ ላከ። በሳምንቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሎጎና ማኅተም ያለበት የቅጥር ደብዳቤ መጣለት። ነገ እስከ 6 ሰዓት «ለፎርምና ለባጅ» 4,500 ብር በቴሌብር ካላስገባ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ተባለ። «እንክፈል ወይስ ይቅር?» ነው ያልሽው።

አትክፈሉ። ይህን የምልሽ አንድ ጊዜ ራሴ ስለከፈልኩ ነው።

2011 ክረምት ላይ ነው። ከተመረቅኩ ዓመት አልፎኛል። ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ እሄድና ጋዜጣ ተከራይቼ የሥራ ልምድ «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ምን እንደተማርኩ ጠየቀኝ። አካውንቲንግ አልኩት። «ውስጥ ሰው አለኝ» አለ።

እዚያው አካባቢ ወዳለ መሥሪያ ቤት ወሰደኝ። እኔን በር ላይ አቁሞ መታወቂያውን አስይዞ ገባ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፎርም ይዞ ወጣ። ሲወጣ የጥበቃውን ትከሻ መታ አድርጎ «በርታ» አለው። ያቺን «በርታ» ሳይ አመንኩት። ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። መታወቂያ አስይዞ ማንም ይገባል። ጥበቃን «በርታ» ለማለትም የሚከፈል ነገር የለም። ፎርሙን ደግሞ የትኛውም ኮምፒውተር ቤት ያትመዋል።

3,000 ብር ሰጠሁት። እናቴ ዕቁቧ ወጥቶላት ያመጣችው ብር ነው። «ለእኔ እኮ አይደለም፣ ለአለቆቹ ነው» አለኝ። ሰኞ ነይ ተባልኩ። ሰኞ ስልኩ ዝግ ነው። ጥበቃውን ብጠይቀው «የቱ ሰውዬ?» አለኝ።

ፖሊስ ጋ አልሄድኩም። ለምን መሰለሽ? ጉቦ የሰጠሁ መስሎኝ ነው። ከሰስኩት ብል እኔም የምጠየቅ መሰለኝ። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት በዚህ ነው። ሁላችንም ውስጥ «የመንግሥት ሥራ ያለ ሰው አይገኝም» የምትል ነገር አለች። ስለዚህ ብር ስንጠየቅ «ይሄ ሌባ ነው» አንልም። «አሃ፣ መንገዱ ይሄ ነው» ብለን እንከፍላለን። ከተበላን በኋላ ደግሞ አፍረን ዝም እንላለን። (በዘመድ የሚገባ የለም እያልኩሽ አይደለም፣ አንድ ከተማ ነው የምንኖረው። ግን እውነተኛ ዘመድ ያለው ሰው በቴሌግራም 4,500 ብር አይጠየቅም።)

በኋላ በማስታወቂያ ተወዳድሬ መንግሥት ቤት ገባሁ። የደረሰኝ ቦታ መዝገብ ቤት ነው። የደብዳቤሽን ነገር የማውቀውም በዚህ ነው። እኛ ጋ አንድ ደብዳቤ ሲወጣ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ ወጪ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ቀሪው (ኮፒው) ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ሎጎ፣ ማኅተምና ቲተር (የኃላፊው ስም ያለበትን ማኅተም) አጭበርባሪ ከሌላ ደብዳቤ ላይ ስካን አድርጎ ይለጥፋል። ወጪ መዝገቡን ግን ማንም ቤቱ ሆኖ ሊለጥፍበት አይችልም።

ኅዳር ላይ አንድ ልጅ ሱፍ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ደብዳቤውን በፕላስቲክ ይዞ መጣ። «ዛሬ ሥራ ጀምር ተብዬ ነው» አለኝ። ቁጥሩን መዝገብ ላይ ፈለግኩት። በዚያ ቁጥር የወጣው የቶነር ግዢ ደብዳቤ ነው። እንዴት ብዬ ልንገረው? ወንበር ሰጥቼው ቆየሁ። ከክፍለ ሀገር የመጣው በማታ መኪና ነበር፣ የከፈለው ደግሞ የአባቱን በሬ ሸጦ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ደብዳቤ ልምጣ። የለጠፍሽውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ቀኑ ጥር 11 ይላል። እህቴ፣ በጥምቀት ዕለት የትኛው መዝገብ ቤት ነው ቁጥር ሲሰጥ የዋለው? ያን ቀን መዝገብ ቤቱም ጃንሜዳ ነው። የሥራ መደቡ ደረጃ አልተጻፈም። ደመወዙ «ማራኪ» ይላል። የመንግሥት ደመወዝ በብር ቁጥር ነው የሚጻፈው፣ ማራኪ ሆኖም አያውቅም።

ደግሞ ወንድምሽ ፈተና ተፈትኗል? ቅጥር እኮ እንዲህ ዝም ብሎ አይመጣም። ክፍት የሥራ ቦታው በማስታወቂያ ይወጣል፣ መደቡ፣ ደረጃው፣ ደመወዙና የምዝገባው ቀናት ይጻፋሉ። ትመዘገቢያለሽ፣ ትፈተኛለሽ፣ ውጤት ይለጠፋል። ያለፈ ሰው ነው ኦሪጅናሉን ይዞ የሚጠራው። ለመመዝገብም ሆነ ለመቀጠር ለመሥሪያ ቤቱ የሚከፈል ሳንቲም የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ካለፍሽ በኋላ የሕክምና ምርመራና የፖሊስ አሻራ ትጠየቂያለሽ። እነሱ ወጪ አላቸው። ግን የምትከፍዪው ጤና ተቋሙና ፖሊስ ጋ ነው፣ ደረሰኝም ይቆረጥልሻል። አጭበርባሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ «የሜዲካል ብሩን እኛ ጋ አስገቡና እንጨርስላችኋለን» ይላሉ። በቴሌብር ከመላክሽ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣልሻል። የግለሰብ ስም ከሆነ ነገሩ አልቋል። «የፋይናንስ ኃላፊያችን ነው» ቢሉሽም ያው ነው፣ የመንግሥት ገንዘብ በኃላፊ የግል ስልክ አይሰበሰብም።

ቻናሉንም እዪው። የአባሉ ብዛት አያታልልሽ። ወደ ላይ እየጎተትሽ የመጀመሪያዎቹን ፖስቶች ተመልከቺ። እኔ ያየሁት አንዱ ከዓመት በፊት የቤቲንግ ቻናል ነበር፣ ስሙን ቀይሮ «ቅጥር» ሆነ። ሊንክ ከላኩም አድራሻው በጎቭ ዶት ኢቲ ያልቅ እንደሆነ አረጋግጪ። ከጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ፎቶ አንስተው የሚለጥፉ ደህና ቻናሎች አሉ፣ እነሱን አልወቅስም። ግን አዲስ ዘመን ላይ ወጣ ካሉ የዚያን ቀን አዲስ ዘመን አግኝታችሁ እዩ። ጋዜጣ አከራዮች ካገኛችሁ የትናንቱንም ያለፈውንም ያወጡላችኋል።

መታወቂያውና ቴምፖው አንዴ ተልኳል፣ እሱን መመለስ አይቻልም። ከዚህ በኋላ ግን በስልኩ የሚመጣለትን ኮድ «ላክልን» ቢሉት ለማንም እንዳይሰጥ። በዚያ ኮድ ነው የቴሌግራም አካውንት የሚወሰደው። ቻቱን አታጥፉት፣ ስድብም አትላኩላቸው። ከነቁባችሁ እነሱ ያጠፉታል። መጀመሪያ ሁሉንም ስክሪንሹት አንሱ።

ሳይነግርሽ ከፍሎ ከሆነስ? (ልጆች ይደብቃሉ፣ እኔም እናቴን ሁለት ወር ደብቄያታለሁ።) አሁኑኑ ቴሌብር 127 ይደውል። በንግድ ባንክ ልኮ ከሆነ 951 ነው። ብሩ ከተቀባዩ ሳይወጣ ከተደረሰ ተስፋ አለ፣ ካደረ ግን ይከብዳል። ከዚያ ስክሪንሹቱን አትሞ ቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ። ሰውን አታሎ ገንዘብ መውሰድ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ያስጠይቃል። «ጉቦ ሰጥቼ ነው» ብሎ አይፈር። ለፎርም ነው ብለው ነው የጠየቁት፣ እንዲያው ይናገር።

ነገ እስከ 6 ሰዓት ነው ያሏችሁ አይደል? መሥሪያ ቤቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል። ደብዳቤውን አትማችሁ መዝገብ ቤት ግቡና «ይህ ቁጥር ከዚህ ወጥቷል ወይ?» በሉ። ካንገራገሩ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቁ። ለማጣራት ሦስት ሰዓት ተኩል አላችሁ፣ ሥራው ግን አምስት ደቂቃም አይፈጅም።