ወንጀል፣ ክታብና ያረጀ ከተማ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር የመረጥናቸው ጥያቄዎች ወንጀል፣ አስማትና እያረጀ ያለ ከተማ የሚገናኙበትን፣ በተለምዶ ኑዋር የሚባለውን ልብ ወለድ ለመጻፍ ከተነሡ አንባቢያን የደረሱን ናቸው።

*ጥያቄ፦ ታሪኬ ድሬዳዋ ላይ ነው። የዚህ ዓይነት መጻሕፍት ግን ጭጋግ፣ ዝናብና ጨለማ ይወዳሉ፤ ድሬ ደግሞ ፀሐይ ናት። ከተማ ልቀይር? (ከአዳማ)*

መልስ፦ ከተማውን አይቀይሩ፤ ሰዓቱን ይቀይሩ። ድሬ ላይ መንገዱ ጭር የሚለው ከምሳ በኋላ፣ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ሙቀት ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጫት ይዞ በርጫ ላይ ይቀመጣል፣ የከዚራ ሰፈር ከዛፍ ጥላ በቀር የሚንቀሳቀስ አይታይባትም። ግድያውን እዚያ ሰዓት ላይ ያድርጉት። ምስክር አይጠፋም፤ ግን ምርቃና ላይ የነበሩ አምስት ሰዎች አምስት ዓይነት ነገር ያያሉ፣ አምስቱም በቃላቸው ይጸናሉ። ከጭጋግ የበለጠ የሚጋርድ ይሄ ነው።

እርጅናውንም “ግድግዳው ፈራርሷል” ብለው አይለፉት፤ ምክንያቱን ይጻፉ። ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት አስቸጋሪ ስለነበር ከተራራው ሥር ተዘረጋ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን በሌላ መስመር ይሄዳል፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ስለዚህ ለታሪክዎ የቀረልዎት እንጀራውን ያጣ ሰፈር፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ መዝገብ፣ ቁልፍ ይዞ ጡረታ የወጣ ሠራተኛ ነው። እያንዳንዱ የዛገ ነገር አንድ ጊዜ ደመወዝ ይከፍል እንደነበር አንባቢው ይወቅ፤ ያኔ ዝገቱ የሰው ታሪክ ይሆናል።

ደቻቱን ደግሞ አይርሱ። የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ላይ ደጋው ላይ ከጣለ ዝናብ ስለሆነ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። ገጸ ባሕርይዎ አሸዋውን አቋርጦ ሲያመልጥ ይህን ሥጋት አብሮት ያስሩጡ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ያንን ሐዘን የጭራቅ ሥራ አድርገው እንዳይጽፉት አጥብቀን እንለምናለን፤ የሟቾቹ ልጆች ዛሬ አንባቢዎችዎ ናቸው።

*ጥያቄ፦ ዋና ገጸ ባሕርዬ ቢሮ ያለው የግል መርማሪ ነው። ያነበቡት ሁሉ አላመኑትም። (ከባሕር ዳር)*

መልስ፦ እኛም አናምነውም። ደላላ ያድርጉት። ደላላ የማንንም ግቢ ያንኳኳል፤ ማን ቤቱን በችኮላ እንደሸጠ፣ ማን ኪራይ እንዳቋረጠ፣ የትኛው ክፍል ሌሊት መብራት እንደሚበራበት ያውቃል። ኮሚሽን የሚያገኘው ከሁለቱም ወገን ስለሆነም ንጹሕ መሆን ይከብደዋል፤ ይህ የታሪክ ዓይነት የሚፈልገውም እጁ ትንሽ የቆሸሸ ሰው ነው። ከፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊም ይሆናል፤ የሰውን ሁሉ በደል የሚጽፍ ነውና።

*ጥያቄ፦ አስማቱ ታሪኬን በላብኝ። ደብተራው ሁሉን ማድረግ ስለሚችል ጀግናዬ የሚያሸንፍበት መንገድ ጠፋኝ። (ከአዲስ አበባ)*

መልስ፦ ችግሩ ያለው አስማቱ ምን እንደሚጠይቅ አለመወሰንዎ ላይ ነው። አዲስ ሕግ ከመፍጠርዎ በፊት ያለውን ይመልከቱ፤ ከበቂ በላይ ጥብቅ ነው።

ክታብን ይውሰዱ። ከበግ ወይም ከፍየል ብራና ቁራጮች ተሰፍቶ፣ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሆናል። የባለቤቱ የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል፣ የተከበሩ ስሞች በቀይ ይጻፋሉ። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይተካል። አሁን ይህን በወንጀል መርማሪ ዓይን ይዩት። ሟቹ 1 ሜትር ከ80 ነው፣ አንገቱ ላይ የተገኘው ክታብ ሲዘረጋ 1 ሜትር ከ55፦ ክታቡ የእሱ አይደለም። ስሙ ያለበት ቦታ ብራናው ሻክሮ ሳስቷል፦ ተፍቋል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት የሚሠራ፣ ብራናው ላይ ተኝቶ የሚቀር ስለሆነ እርጥበት ያደበዝዘዋል፦ በደረቅ ወቅት የደበዘዘ ክታብ ውሃ የነካው የት ነው? ያለ አንዳች ተአምር ሦስት ማስረጃ አገኙ።

ኮከብ ቆጠራውም እንዲሁ ነው። ቆጣሪው የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ለውጦ ይደምራል፣ ለ12 ያካፍላል፣ በቀሪው ኮከቡን ያወጣል። እንግዲህ የታሪክዎ ደብተራ ሰውን ለመጉዳት ሁለቱን ስሞች ማግኘት አለበት ይበሉ። የክርስትና ስምን ቤተሰብና የንስሐ አባት ያውቁታል፤ የእናት ስም በመዝገብ ቤት ፋይል ውስጥ አለ። አስማቱ በድንገት የመረጃ ወንጀል ሆነ፤ ጉቦ የሚቀበል መዝገብ ቤት፣ አፉ የላላ ዘመድ፣ ስም የሚሸጥ ደላላ። ጀግናዎም የሚያሸንፍበት በር ተከፈተለት፤ የተሳሳተ የእናት ስም ቢያስገባ ስሌቱ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል። ያ ሌላ ሰው ማን እንደሚሆን አስበውበታል? የመጽሐፍዎ ጨለማ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ይመስለናል።

ሕጉን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ውስጥ በሥራ ያሳዩት፤ በንግግር አያስተምሩት። ከመጽሐፉ እኩሌታ በኋላ አዲስ ኃይል ማስገባት አንባቢን ማጭበርበር ነው። ክታቡ የክርስቲያኑ ወግ መሆኑንም አይዘንጉ፤ ድሬ የሙስሊሙም ከተማ ናት፤ ስለ ጅኒ ሲጽፉ የሚያውቅ ሰው ጠይቀው ይጻፉ።

*ጥያቄ፦ ገዳዩን ቡዳ የሆነ ሸክላ ሠሪ ላደርገው አሰብኩ። ምን ትላላችሁ? (ከጎንደር)*

መልስ፦ አያድርጉት። ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮችና ቤተ እስራኤላውያን በዚህ ስም ተገልለዋል፣ ተደብድበዋል። ሐሜቱን እውነት የሚያደርግ መጽሐፍ ከአሳዳጆቹ ጋር ይቆማል። ይልቅ ሐሜቱን ማስረጃ ማጥፊያ ያድርጉት፦ ገዳዩ ሌላ ነው፣ ሰፈሩ ግን ሸክላ ሠሪዋን ስለጠረጠረ ማንም ወደ ገዳዩ አይመለከትም።

*ጥያቄ፦ የምርመራ ንግግሮቼ ሁሉ ከውጭ ፊልም የተቀዱ ይመስላሉ። (ከዋሽንግተን ዲሲ)*

መልስ፦ ምናልባት መተራረሚያው “አንተ” እና “እርስዎ” ላይ ነው። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም “አንተ፣ አቦ” ማለት ቅርበት ነው። ስለዚህ እዚያ የሚያስፈራው ሰውዬ የሚጮኸው አይደለም፤ ድንገት ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እርስዎ” ማለት የጀመረው ነው። ይህን ሽግግር በአንድ ትዕይንት አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሙበት።

ሰዓታችንም ይረዳዎታል። በፈረንጅ አቆጣጠር የለመደ የባቡር ሠራተኛ “3 ሰዓት” ብሎ በማስታወሻው ቢጽፍ በእኛ 9 ሰዓት ማለቱ ነው። ጎረቤቱ ግን በእኛው 3 ሰዓት ብሎ ያነበዋል፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት አንድን ንጹሕ ሰው ሊያሳስር፣ አንድን ገዳይ ሊያስመልጥ ይችላል። ዓመተ ምሕረቱም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያያል። ሰውየው በፈረንጅ ሰዓት እንደሚቆጥር ግን ቀደም ብለው፣ ለምሳሌ ቀጠሮ ላይ ተሳስቶ ሲመጣ፣ ያሳዩ። ያለዚያ መፍትሔው ከሰማይ የወረደ ይሆናል።