ወንድሜ ፈርሞልኝ ሳለ የእኔ ዶሚሳይል ለምን ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ አሜሪካዊት ዜጋ ነኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ 11 ዓመት ኖሬያለሁ። ከአራት ዓመት በፊት እናቴን ላስታምም አዲስ አበባ መጣሁና በዚያው ቀረሁ። አገባሁ፤ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ አለን። ቢጫ ካርድ አውጥቼ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ለባለቤቴ ያስገባሁት የቤተሰብ ማስመጫ ማመልከቻ (አይ 130) ጸድቋል። ኢንተርቪው ሲቀርብ ግን 221 ጂ የሚል ወረቀት ሰጡት። «ስፖንሰሯ ዶሚሳይል አላሳየችም» ይላል። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ጆይንት ስፖንሰር (ተጨማሪ የገንዘብ ዋስ) ሆኖ ፈርሟል፤ ደመወዙም ጥሩ ነው። ታዲያ ምን ጎደለ? ተከለከልን ማለት ነው? ጓደኛዬ «የወንድምሽን አድራሻ ጻፊና ተገላገይ» ትለኛለች። ያዋጣል?

መልስ፦ መጀመሪያ ድንጋጤውን እናብርደው። 221 ጂ በሕጉ አነጋገር ክልከላ ነው። በተግባር ግን «የጎደለ ነገር አለ፣ አምጡ» ማለት ነው። ፋይሉ አልተዘጋም። የጎደለውን ለማቅረብ ክልከላው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አላችሁ። ዓመቱ ዝም ብሎ ካለፈ ግን ማመልከቻውን እንደ አዲስ መሙላትና ክፍያውን ድጋሚ መክፈል ይመጣል። ስለዚህ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት።

አሁን ወደ ወንድምዎ ልምጣ። እኛ ዘንድ ደህና ዋስ ከተገኘ ነገሩ አለቀ ይባላል። እዚህ ላይ ግን ኤምባሲው የጠየቀው ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው። አንደኛው «ገንዘብ አለ ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ስፖንሰሯ ኑሮዋ የት ነው?» የሚል ነው፤ ዶሚሳይል የሚባለው ይኸኛው ነው። ወንድምዎ የመለሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አይ 864 የሚባለው የድጋፍ ቃል፣ ማለትም አፊዳቪት ኦፍ ሰፖርት፣ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የሚገባ ውል ነው። አይ 130 ያስገባው ሰው አንድ ዶላር ገቢ ባይኖረው እንኳ ይህን ውል የመፈረም ግዴታ አለበት። ፈራሚው 18 ዓመት የሞላው፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ፣ ዶሚሳይሉም አሜሪካ ወይም በሥሯ ባሉ ግዛቶች መሆን አለበት። ገቢ ሲጎድል ጆይንት ስፖንሰር ይሞላዋል። ዶሚሳይል ሲጎድል ግን የሚተካ ሰው የለም። ወንድምዎ ሚሊየነር ቢሆንም እርስዎ ዶሚሳይል ከሌለዎት ኤምባሲው የእሱን ፊርማ መቀበል አይችልም።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ወንድምዎ ሚስትና ሁለት ልጅ ካለው፣ ባለቤትዎ ሲጨመር አምስት ሰው ይሆናሉ። በ2025 መለኪያ መሠረት ለአምስት ሰው የሚፈለገው ዓመታዊ ገቢ ወደ 47,062 ዶላር ነው፤ ይህ ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ ነው። ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚቀየር የሚያስገቡበትን ዓመት ሰንጠረዥ ይዩ።

ዶሚሳይል ምንድን ነው? አድራሻ አይደለም። ዜግነትም አይደለም። ደንቡ የሚለው፣ አንድ ሰው አሜሪካ ውስጥ መኖሪያ ኖሮት፣ ያንን መኖሪያ ለሚታየው ጊዜ ሁሉ ይዞ ሊቀጥል ሲያስብ ዶሚሳይል አለው ነው። የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሰው ለጊዜው ያለበትን ቦታና ኑሮውን የመሠረተበትን ቦታ ይለያል። ስለዚህ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። አስቸጋሪው ማስረዳቱ ነው። ሐሳብ በዓይን አይታይም፤ ቆንስሉ የሚያየው ያደረጉትን ነው።

እርስዎ ባሉበት ሁኔታ ሁለት በር አለ። የመጀመሪያው «አሜሪካን አልለቀቅኩም፣ ውጭ ያለሁት ለጊዜው ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «አሁን ዶሚሳይል የለኝም፣ ባለቤቴ በሚገባበት ቀን ወይም ከዚያ በፊት ግን እመሠርታለሁ» የሚል ነው። ደንቡ ሁለቱንም ይቀበላል።

የመጀመሪያው በር ለእርስዎ ጠባብ ይመስለኛል። የመጡት እናትዎን ለማስታመም መሆኑ ጥሩ ምክንያት ነው። ነገር ግን አራት ዓመት አልፏል። አግብተዋል፣ ወልደዋል፣ ሥራ ይዘዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የቀረ ቤት፣ የሚሠራ የባንክ ሂሳብ፣ ያልተቃጠለ መንጃ ፈቃድ ከሌለ «አልለቀቅኩም» ማለት ይከብዳል። ቢጫ ካርዱ ብቻውን አይጎዳዎትም። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ መሆንዎን የሚያሳይ መታወቂያ እንጂ ዜግነት የሚቀይር አይደለም። ቆንስሉ የሚያየው ግን ካርዱን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ኑሮዎን ነው።

ይኸው በር ለአንዳንዶች ወለል ብሎ ይከፈታል። ለአሜሪካ መንግሥት፣ ለአሜሪካ የውጭ ንግድ ለሚሠራ የአሜሪካ ኩባንያ፣ አሜሪካ በሕግ ወይም በስምምነት አባል ለሆነችበት ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ወይም በሃይማኖት ተቋም ተልከው ውጭ የሚሠሩ ዜጎች፣ የሕጉን መስፈርት ካሟሉ አሜሪካ እንደሚኖሩ ይቆጠራሉ። አዲስ አበባ የተባበሩት መንግሥታት ውስጥ ተቀጥረው ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ሌላ ነበር። አገር በቀል የግል ድርጅት ግን በዚህ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ በሁለተኛው በር ይግቡ። እዚህ የሚፈለገው ፍጹም እርግጠኝነት አይደለም። ትመለሳለች የሚለው አትመለስም ከሚለው ሚዛን መድፋት አለበት፤ በቃ። ሚዛኑን የሚደፋው ደግሞ ቀን ያለው ወረቀት ነው።

የማየው የተለመደ ስህተት ይኸውና። ስፖንሰሩ «አሜሪካን እወዳለሁ፣ ቤተሰቤን ይዤ የተሻለ ሕይወት መኖር እፈልጋለሁ» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል። ቆንስሉ ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያነብ አስቡት። የእርስዎ ደብዳቤ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «ከአራት ዓመት በፊት እናቴን ለማስታመም መጣሁ። እስከ ዛሬ የቆየሁት በዚህ በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ወር እመለሳለሁ። መጀመሪያ የምናርፈው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ወንድሜ ቤት ነው። ለእነዚህ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ማመልከቻ ልኬያለሁ። ልጄ የምትውልበትን ቦታ ጠይቄ ይህን መልስ አግኝቻለሁ።» ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ወረቀት ከኋላ ያያይዙ። ወረቀት የሌለው ዓረፍተ ነገር ካለ ያውጡት።

ወንድምዎ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህኛው ግን የሚገባው እንደ ገንዘብ ዋስ ሳይሆን እንደ ቤት አሳዳሪ ነው። «እህቴ ከባሏና ከልጇ ጋር ከዚህ ቀን ጀምሮ ቤቴ ትኖራለች» የሚል ደብዳቤ ይጻፍና ያስመስክርበት። የቤቱን ውል ወይም የሞርጌጅ ወረቀት፣ የመታወቂያውን ኮፒም ይጨምር። ከዘመድ ቤት መጀመር ችግር የለውም። የራስ ኪራይ ካልያዝኩ ብለው አዲስ አበባ ሆነው በወር ሁለት ሺህ ዶላር አይበትኑ።

ከዚህ ሌላ ኤምባሲዎች በምሳሌነት የሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች አሉ፦ አሜሪካ የባንክ ሂሳብ መክፈት፣ ገንዘብ ወደዚያ ማዛወር፣ ሥራ መፈለግ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ በምርጫ መሳተፍ። የተኛ የባንክ ሂሳብ ካለዎት ያስነሱት፤ ከውጭ ሆኖ አዲስ ከመክፈት ይቀላል። ከአዲስ አበባ በሜሪላንድ መራጭነት ድምፅ ሰጥተው ከነበረ እሱም ይቀርባል። ልጅዎ እስካሁን የአሜሪካ ፓስፖርት ካላወጣች አሁኑኑ ይጀምሩ። እርስዎ ከመውለድዎ በፊት አሜሪካ በኖሩት ዓመታት ምክንያት ልጅቱ ስትወለድ ጀምሮ ዜጋ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው፤ ይህ የሚረጋገጠውም እዚያው ኤምባሲ ነው።

ገንዘብ ማዛወር የሚለው እኛ አገር ላይ ሲደርስ እንደሚያነክስ አውቃለሁ። ብርን ወደ ዶላር ቀይሮ መላክ እንደ ሌላው አገር ቀላል አይደለም። እባክዎ ለዚህ ብለው ጥቁር ገበያ አይሂዱ። እንደዚያ የተላከ ገንዘብ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ጣጣ ነው። ይህች ነጥብ ብትቀር ሌሎቹ ይሸፍኗታል።

ታክስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። አሜሪካዊ ዜጋ ዓለም ላይ የትም ቢኖር ገቢው ከተወሰነው መጠን ካለፈ ታክስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በብር የተከፈለ ደመወዝም ገቢ ነው። «እዚህ ከደመወዜ ተቆርጧል» ማለት አያድንም። ካላሳወቁ ዘግይቶም ቢሆን ያስገቡ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ዓመት ኮፒ ከአይ 864 ጋር ያያይዙ። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈል ነገር አይኖርም፤ በፎርም 2555 በኩል ውጭ የተገኘ ደመወዝ ለ2025 እስከ 130,000 ዶላር ድረስ ከታክስ ነፃ ሊሆን ይችላል።

እዚሁ ፎርም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ነፃ ለመሆን ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በ12 ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ውጭ መቆየትን ይቆጥራል። ሌላው «የውጭ አገር እውነተኛ ነዋሪ ነኝ» ማለትን ይጠይቃል። በዚህኛው ከሞሉ፣ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ «ኑሮዬ ኢትዮጵያ ነው»፣ ለኤምባሲው «ኑሮዬ አሜሪካ ነው» ያሉ ይመስላል። የታክስ ሕጉና የኢሚግሬሽን ሕጉ ነዋሪነትን የሚለኩት በተለያየ መስፈርት ስለሆነ ይህ በራሱ አይጥልዎትም። በሁለተኛው በር ከገቡ ደግሞ ጭራሽ አይጋጭም፤ ትናንት እዚህ ነበርኩ፣ ነገ እመለሳለሁ ነው የሚሉት። ብቻ ቆንስሉ ቢጠይቅ መልሱ አፍዎ ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ጓደኛዎ ምክር። የወንድምዎን አድራሻ መኖሪያዬ ብለው አይጻፉ። አይ 864 የሚፈረመው በሐሰት ቃል ቅጣት ሥር ነው። ደግሞስ ማንን ለማታለል? አይ 130 ላይ የአዲስ አበባ አድራሻዎ አለ። ባለቤትዎ ኢንተርቪው ላይ አብራችሁ እንደምትኖሩ ተናግሯል። የልጅቱ የልደት ምስክር ወረቀት ከአዲስ አበባ ነው። የቪዛ አመልካቹ ራሱ አውቆ በዋና ጉዳይ ላይ ከዋሸ ዕድሜ ልክ የሚከተል እገዳ አለ፤ ያንን ለማስነሳት ሌላ ማመልከቻና ሌላ ዓመታት ይፈጃል። የአሁኑን መኖሪያ በእውነት ይጻፉ፤ የወንድምዎን ቤት «የምንገባበት» ብለው በደብዳቤው ያስረዱ። ይኸው ቤት በእውነት ቦታው ከገባ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ቀድሜ ልሂድ ወይ ብለው ሳያስቡ አይቀሩም። ሕጉ አያስገድድም። ግን ልጅቱን ይዘው ወይም ለአባቷ ትተው ለሁለት ወር መሄድ ከቻሉ ነገሩ ይፈጥናል። መንጃ ፈቃድ ያድሳሉ፣ ሥራ ይጀምራሉ፣ የደመወዝ ወረቀት ይመጣል። ከደመወዝ ወረቀት ጋር የሚከራከር ቆንስል አላጋጠመኝም። መሄድ ካልቻሉ ከዚሁ ሆነው የሰበሰቡት ይበቃል፤ ትንሽ ወፈር ማለት ብቻ አለበት።

ሥራዎን ግን ቪዛው ሳይወጣ አይልቀቁ። ለመመለስ ቆርጫለሁ ለማለት ቤተሰቡን ያለ ገቢ ማስቀረት አይጠበቅብዎትም። አለቃዎ ካልከፋው፣ ቪዛው ሲወጣ እንደሚለቁ ማሳወቅዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከድርጅቱ ያምጡ። መኪና ካለዎት ለሽያጭ ያወጡበት ማስታወቂያ እንኳ ይያያዛል።

ጥያቄው የዜጋ ቢሆንም ዱባይና ሪያድ ሆናችሁ በግሪን ካርድ ባል ወይም ሚስት የምታስመጡ አንባቢዎች አላችሁና አንድ ቃል ልበል። የእናንተ አደጋ ከዚህ ይብሳል። ግሪን ካርድ ያዥ ሪኢንትሪ ፐርሚት (ከመውጣቱ በፊት የሚወጣ የመመለሻ ፈቃድ) ሳይዝ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ከቆየ የሚጠየቀው ስለ ዶሚሳይል ብቻ አይደለም፤ ካርዱ ራሱ አለ ወይ ተብሎ ነው። እናንተ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ።

ጠያቂዬ፣ ቪዛው ሲወጣ አንድ ነገር አይርሱ። የቪዛው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር አይበልጥም፤ የሕክምና ምርመራው ጊዜ ካጠረም አብሮ ያጥራል። ባለቤትዎ ከእርስዎ ጋር ወይም ከእርስዎ በኋላ መግባት እንጂ ቀድሞ መግባት የለበትም። «እኔ ዕቃ ልሸጥ፣ አንተ ሂድና ወንድሜ ይቀበልህ» ቢሉት ዳለስ ኤርፖርት ላይ «ሚስትህ የት ናት?» መባሉ አይቀርም። ያን ዕለት ዶሚሳይልዎ ገና አዲስ አበባ ነው። ሦስታችሁም በአንድ ቀን የሚያስገባችሁን ትኬት ይቁረጡ።