ስለ «ኮፕ ሮክ» የጠየቃችሁኝ፦ የሚዘፍኑት ፖሊሶች፣ አሥራ አንዱ ክፍሎችና የዲቪዲው ነገር

«ኮፕ ሮክ» በአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን ከሴፕቴምበር 26 እስከ ዲሴምበር 26 ቀን 1990 የታየ የፖሊስ ድራማ ነው። ታሪኩ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ታሪክ ሆኖ፣ መሐል ላይ ፖሊሱም ተከሳሹም ከንቲባዋም ይዘፍናሉ። አሥራ አንድ ክፍል ተላልፎ ተቋረጠ። ደጋግሜ የማየውና ሰው ሁሉ እንዲያየው የምወተውተው ሥራ ስለሆነ ጥያቄ ያለው እንዲጠይቀኝ ጋብዤ ነበር፤ የመጡልኝን ከነመልሳቸው አቅርቤአለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድማችን፣ ፖሊስ እየዘፈነ ወንጀለኛ ሲይዝ ማን በቁም ነገር ያየዋል? አስቂኝ ድራማ አይደለም እንዴ?

አይደለም። የመጀመሪያውን ክፍል ታሪክ ብቻ ልንገርዎ። ቪንሰንት ላሩሶ የሚባል መርማሪ ፖሊስ የሥራ ባልደረባውን የገደለውን ተጠርጣሪ ይይዝና ሆን ብሎ ተኩሶ ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ክፍሎች ዋና ጥያቄ ይህ ነው፤ ሕግ አስከባሪው ራሱ ነፍስ ሲያጠፋ መሥሪያ ቤቱ ምን ያደርጋል? ማን ይመሰክርበታል? ማንስ አፉን ይዘጋል? በ1990 ይህን ጉዳይ ከሳምንት ሳምንት እየተከተለ በዚህ ድፍረት ያነሣ የፖሊስ ድራማ ብዙ አልነበረም። ዘፈኑን ብቻ ይዘው የሚያፌዙ ሰዎች ይህን ሳያዩት አልፈዋል፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሐሳቡ ከየት መጣ?

ከስቲቨን ቦችኮ። በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ከ1981 እስከ 1987 የታየውን «ሂል ስትሪት ብሉዝ» የተባለ የፖሊስ ድራማ ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው፤ «ኤል ኤ ሎው»ም የእሱ እጅ አለበት። «ሂል ስትሪት ብሉዝ»ን ወደ መድረክ ሙዚቃዊ ተውኔት እንለውጠው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እሱ ሳይሆን ቀረ፤ ቦችኮ ግን ሐሳቡን አልጣለውም። በ1987 ከኤቢሲ ጋር አሥር ተከታታይ ድራማዎችን ለመሥራት ተዋውሎ ስለነበር፣ ሌላ ሰው ቢያቀርበው ከበር የሚመለሰውን ሥራ እሱ ማስፈቀድ ቻለ። የመጀመሪያውን ክፍል ያዘጋጀው ግሪጎሪ ሆብሊት ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ዘፈን ብቻ ምረጥ ብትባል?

ሁለት እንድመርጥ ፍቀዱልኝ፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ክፍል ናቸው፤ የሁለቱም ደራሲ ራንዲ ኒውማን ነው።

አንደኛው በችሎት ነው። ጁሪዎቹ፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑት ተራ ዜጎች፣ ውሳኔያቸውን እንዲያሰሙ ይጠየቃሉ። ብድግ ይሉና እንደ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን በጎስፔል ዜማ «ጥፋተኛ ነው» እያሉ ይዘምራሉ። መጀመሪያ ፈገግ ያሰኛል። ቀጥሎ ግን በሰው ዕጣ ፈንታ ላይ እንዲህ ያለ ደስታ ከየት መጣ ብሎ ልብ ይጠይቃል። ኒውማን በዚህ ዘፈን በ1991 ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት ወስዷል።

ሁለተኛውን ሳላለቅስ ያየሁበት ጊዜ የለም። በካትሊን ዊልሆይት የተሠራችው ሱሰኛ እናት ጨቅላ ልጇን ታቅፋ እሹሩሩ ትላለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ካሜራው ከፊቷ አይርቅም። ከዚያ ልጇን ትሸጠዋለች። ንግግር ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ ይፈርድባት ነበር፤ እሹሩሩውን ከሰማ በኋላ ግን መፍረድ ይከብደዋል። ዘፈኑ ምን ይሠራል ለሚሉ ሁሉ መልሴ ይህ ትዕይንት ነው።

ጥያቄ፦ ተዋናዮቹ በራሳቸው ድምፅ ነው የዘፈኑት?

አዎ፣ አብዛኛውንም ቀረጻው በሚካሄድበት ቦታ በቀጥታ ነው የዘፈኑት። ስቱዲዮ ገብተው የቀዱትን ከንፈር እያንቀሳቀሱ ቢያስመስሉ ይቀል ነበር። አንዳንዱ ድምፅ ሻካራ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ለእኔ ከጥራቱ ይልቅ እውነተኛነቱ ይበልጥብኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ተቋረጠ?

ተመልካች አጣ። የፖሊስ ድራማ ወዳጁ ዘፈኑ ሲጀምር ጣቢያ ይቀይራል፤ ሙዚቃዊ ተውኔት የሚወደው ደግሞ አስከሬንና ኮኬይን ማየት አይፈልግም። ጣቢያው ዘፈኑ ወጥቶ ድራማው ብቻውን እንዲቀጥል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ቦችኮ እምቢ አለ። ደግ አደረገ እላለሁ።

ጉድለት የለበትም ግን አልልም። በየክፍሉ አምስት ያህል ዘፈን ያስፈልግ ነበር፤ ያንን በየሳምንቱ በእኩል ጥራት ማድረስ ከባድ ነው። ኒውማን የጻፈው የመጀመሪያውን ክፍል ዘፈኖችና የመግቢያውን ዜማ ነው፤ በኋላ ሌሎች ደራሲዎች ሲረከቡ አንዳንዱ ዘፈን ታሪኩን የሚያቆም እንጂ የሚገፋ አልሆነም። በመጨረሻው ክፍል ማብቂያ ተዋናዮቹ የያዙትን ገጸ ባሕርይ ትተው፣ መቋረጣቸውን አንሥተው በዘፈን ይሰናበታሉ።

ጥያቄ፦ ከዘመኑ መጥፎ ድራማዎች ተርታ ተመድቧል ሲባል ሰምቻለሁ።

ልክ ነው። «ቲቪ ጋይድ» መጽሔት በ2002 ባወጣው የ50 መጥፎ የቴሌቪዥን ሥራዎች ዝርዝር ስምንተኛ አድርጎታል። አልስማማም። መጥፎ ሥራ ማለት ምንም ያልሞከረ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ተዋናዮቹ ሌላ የት ይታወቃሉ?

ላሩሶን የሠራው ፒተር ኦኖራቲ ነው። የፖሊስ አዛዡ ሮኒ ኮክስ ከትወናው ውጪም ጊታር የሚጫወት ዘፋኝ ነው። ፖል ማክሬን በኋላ «ኢ አር» በተባለው የሆስፒታል ድራማ ሐኪሙ ሮማኖ ሆኖ ብዙ ሰው አውቆታል። ጄምስ ማክዳንኤል ደግሞ ቦችኮ በ1993 በጀመረው «ኤንዋይፒዲ ብሉ» የመርማሪ ፖሊሶቹን አለቃ ሆኖ ሠርቷል። ከንቲባዋ ባርባራ ቦሰን በዚያን ጊዜ የቦችኮ ባለቤት ነበረች።

ጥያቄ፦ ዲቪዲው ሙሉ ነው? መቼ ወጣ?

ሻውት ፋክተሪ የተባለው ኩባንያ በሜይ 2016 አሥራ አንዱንም ክፍሎች አሳትሟል። ከቦችኮና ከተዋናይት አን ቦቢ ጋር የተደረጉ ቃለ ምልልሶችም አሉበት። ቦችኮ በኤፕሪል 2018 ስላረፈ፣ ስለዚህ ሥራ በራሱ አንደበት የተናገረው በዲስኩ መቀመጡ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሌሎች የፖሊስ ድራማዎች ግን ለምን በዲቪዲ አይገኙም?

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሙዚቃ መብት ነው። ድራማው ሲሠራ የታወቀ ዘፈን ለቴሌቪዥን ስርጭት ብቻ ተፈቅዶ ይገባል፤ በዲስክ ለመሸጥ ሌላ ፈቃድና ሌላ ክፍያ ይጠይቃል። «ኮልድ ኬዝ» የተባለው የፖሊስ ድራማ ለሰባት ሲዝን ከታየ በኋላም በዚሁ ሰበብ ዲቪዲው ሳይወጣ ዓመታት አልፈዋል። ዕድሜው ላጠረ ድራማ ደግሞ ገዢው ጥቂት ስለሚሆን ኩባንያው ክፍያውን አይደፍረውም። «ኮፕ ሮክ» የራሱን ዘፈኖች አስጽፎ የተሠራ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቅሞታል።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ጅዳ ነው፤ እህቴ ከአሜሪካ ብትልክልኝ ማጫወቻዬ ይቀበለዋል?

ላይቀበለው ስለሚችል ከመላኳ በፊት ያረጋግጡ። ዲቪዲ ሪጅን በሚባል የአካባቢ ቁጥር ይከፋፈላል፤ ማጫወቻም የራሱን ሪጅን ዲስክ ብቻ ያነባል። ዲስኩ የተሠራው ለአሜሪካና ለካናዳ ሲሆን የሪጅን ቁጥሩ 1 ነው። ሳዑዲ ዓረቢያና አብዛኛው አውሮፓ ሪጅን 2 ናቸው፤ ኢትዮጵያ ሪጅን 5 ናት። ሁሉንም ሪጅን የሚያነብ ማጫወቻ ካለዎት ችግር የለም፤ ቴሌቪዥንዎ ኤንቲኤስሲ የተባለውን የአሜሪካ የምስል ሥርዓት መቀበሉን ብቻ ይመልከቱ። በኮምፒውተር ካዩት ግን ይጠንቀቁ፤ የኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያ ሪጅኑን ለመቀየር የሚፈቅደው አምስት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በመጨረሻ በመረጡት ሪጅን ላይ ይቆለፋል።

ጥያቄ፦ ከልጆቼ ጋር ባየው?

ለትንንሾቹ አይሆንም፤ ግድያና አደንዛዥ ዕፅ አለበት። ከፍ ላሉት ግን አብረዋቸው ይዩት፤ ስለ ላሩሶ ብዙ ያከራክራችኋል።

ጥያቄ፦ ጊዜዬ ጥቂት ነው፤ የትኛውን ክፍል ልይ?

የመጀመሪያውን፣ እስከ እሹሩሩው ድረስ ሳታቋርጪ እዪው። የላሩሶ ጉዳይ ከያዘሽ ቀሪዎቹን በቅደም ተከተል ቀጥይ፤ ክሱ ከክፍል ወደ ክፍል ስለሚሻገር ዘሎ ማየት ታሪኩን ያበላሸዋል። የፍርዱን ውጤት አልነግርሽም።