ለሚያድን ሰው መንገድ መዝጋት፦ ጥያቄና መልስ

ከጥምቀት ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያርፋሉ። ሰው ለማዳን የሚሮጠውን ያሰናከለ፣ የመታ ወይም አደጋ ላይ የጣለ በሕግ ምን ይጠብቀዋል?

«ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ አዘዞ ባጃጅ እነዳለሁ። አምቡላንስ ሲያልፍ መንገድ ስለሚከፈት እግር በእግር እከተለዋለሁ። ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ቀጣኝ። ማንን ጎዳሁ?»

ወንድሜ፣ እስካሁን ማንንም አልጎዳህም። ግን ባለፈው ሳምንት አዘዞ መንገድ ላይ ያየሁትን ልንገርህ። አምቡላንሱ ድንገት ዳር ይዞ ቆመ። የኋላው በር ተከፍቶ ባለሙያው አንድ እግሩን አስፋልት ላይ ሲያሳርፍ፣ ተከትሎት የመጣ ባጃጅ ፍሬን ይዞ ከጉልበቱ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ልጁ ቃሬዛውን እንደያዘ ለአፍታ ደርቆ ቀረ፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ ታማሚው ሮጠ።

ያቺ አንድ ክንድ ባትተርፍ ኖሮ ዳኛው የሚጠይቀው ሹፌሩ በልቡ ምን ይዞ እንደነዳ ነው። ሰው ሊጎዳ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የነዳ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 58 መሠረት አስቦ እንዳደረገ ይቆጠራል። «አይደርስም» ብሎ ተማምኖ ወይም ማሰብ ሲገባው ሳያስብ የነዳ ደግሞ በአንቀጽ 59 ቸልተኛ ነው። ቸልተኝነቱ ሰው ከገደለ አንቀጽ 543 ይመጣል። መነሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ነው። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ የጣሰ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ማንም ባይጎዳም የትራፊክ ደንብ ጥሶ የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ስለዚህ የትራፊክ ፖሊሱን አትቀየመው። ሳይረን ስትሰማ ቀኝህን ይዘህ አሳልፈው፣ ከዚያም ራቅ በል።

«የአምቡላንሱ ሹፌር ራሱ ሰው ቢገጭስ?»

ሳይረን ከጥንቃቄ ነፃ አያደርግም። ይጠየቃል።

«የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። የታካሚ ወንድም ‹ለምን ዘገያችሁ› ብሎ በጥፊ መታኝ። ባልደረቦቼ ‹ሐዘንተኛ ነው፣ ተይው› አሉኝ።»

እህቴ፣ አትተይው። የወንጀል ሕጉ «ነርስ» ብሎ ለይቶ ባይጽፍም፣ የመንግሥት ሠራተኛን በሥራው ላይ እያለ በኃይል ወይም በዛቻ ማሰናከልንና መምታትን ይቀጣል። ጉዳት ካደረሰብሽ የአካል ጉዳት ወንጀሉም አለ። በግል ክሊኒክ የምትሠራ ጓደኛሽ ግን የአካል ጉዳቱን ክስ ብቻ ይዛ ትቀራለች፤ ይህ ልዩነት ያንገበግበኛል። እንግሊዝና ዌልስ በ2018 እ.ኤ.አ. ነርሱንም፣ የአምቡላንስ ባለሙያውንም፣ እሳት አደጋ ሠራተኛውንም በስም የሚጠብቅ ሕግ አወጡ። ከፍተኛው ቅጣት መጀመሪያ 12 ወር ነበር፣ በ2022 ወደ 2 ዓመት አደገ። እኛም ጋ ሕጉ እነዚህን ሰዎች በስም ቢጠራቸው እወዳለሁ።

የዚያ ሰው ሐዘን እውነት ነው። ነገር ግን ያንቺ እጅ ሲንቀጠቀጥ ቀጥሎ በቃሬዛ የሚገባው የሌላ ሰው ወንድም ነው። በዚያው ቀን ታክመሽ የሐኪም ማስረጃ ያዢ፣ ያዩትን ሰዎች ስም ጻፊ፣ ፖሊስ ዘንድ አመልክቺ። ሽማግሌ ቢላክብሽ ዕርቁን መቀበል ያንቺ ፈንታ ነው፤ ማመልከቻሽ ግን ይቅደም።

«ጥምቀት ላይ ሰው ሲወድቅ ከብቦ በስልክ መቅረጽ ያስቀጣል?»

ጥር 11 ቀን 2012 ፋሲለደስ መዋኛ የእንጨቱ መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተውብናል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ትልቁ ችግር መንገድ መዝጋት ነው። ጀርመን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተጎዳ ሰው የሚደርስን ረዳት ያሰናከለ እስከ 1 ዓመት እንዲታሰር ደንግጋለች። እዚህም ለመንግሥት ባለሙያ መንገድ አልለቅም ብሎ የገፋ ወይም የዛተ፣ ለነርሷ የነገርኳት ድንጋጌ ያገኘዋል።

«በጦርነት አምቡላንስ መምታት ወንጀል የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

በጦርነት አምቡላንስና የጦር ሆስፒታል እንዳይነካ ያዘዘው የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት የ1864 እ.ኤ.አ. ነው። የኛ ቀይ መስቀል በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በታኅሣሥ 1928 ደግሞ የጣልያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን የሕክምና ጣቢያ ደበደቡ። የሕጉን መኖር ያውቁ ነበር።

«መንገድ ላይ የተገጨ ሰው ባነሣ፣ ቢሞትብኝ እኔ እታሰራለሁ ብዬ እፈራለሁ።»

ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው ገድሏል። አንቀጽ 575 የሚለው ተቃራኒውን ነው። ሕይወቱ ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ ራሱን ወይም ሌላውን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ ትቶት የሄደ እስከ 6 ወር እስራት ወይም መቀጮ ይጠብቀዋል። የገጨው ራሱ ጥሎ ከሸሸ ይብስበታል። አንተ የገጨውን መኪና ታርጋና ሰዓቱን ጻፍ፣ ፖሊስ ጥራ፣ አብሮህ የሚመሰክር አንድ ሰው ያዝ። አንገቱና ጀርባው የተጎዳ ከመሰለህና እርዳታ የሚደርስ ከሆነ አታንቀሳቅሰው፤ ደሙ የሚፈስበትን ቦታ ግን በንጹሕ ነጠላም ቢሆን ጫን አድርገህ ያዝ።