ትሉን ስንት ጊዜ ልቁረጠው?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። በካናል የዓሣ ማጥመድ ውድድር ላይ ትል ከትፈህ፣ በፖሉ (በረጅሙ የማጥመጃ ዘንግ) ጫፍ ላይ ባለው ኩባያ ውሃው ውስጥ አወረድክ። ለሃያ ደቂቃ ጣት የሚያክሉ ፐርች የሚባሉ ዓሣዎች ተራ በተራ መጡልህ። ከዚያ ውሃው ጭጭ አለ። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ግን በዚያው ዓይነት ትል ትልልቆቹን እያወጣ ሚዛን ላይ በለጠህ። «ትሌ ነው ችግሩ ወይስ አበዛሁት?» ነው ያልከው።

ትልህ ደህና ነው ባይ ነኝ። እኔ የምጠረጥረው መቀስህን ነው።

«የተከተፈ ትል» ሲባል ብዙ ሰው አንድ ነገር ይመስለዋል። አንዱ ባለ ሶስት ስለት መቀስ ይዞ ኩባያው ውስጥ ሰላሳ ጊዜ ይከትፋል። የሚወጣው ሊጥ ነው። ሌላው አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ ያስነካዋል። የሚወጣው የጥፍር ርዝመት ያለው ቁራጭ ነው። ሁለቱ ውሃ ውስጥ ገብተው የሚሠሩት ሥራ ለየቅል ነው።

ዓሣ ትልን በዓይኑ ብቻ አይደለም የሚያገኘው። ትል ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ አሚኖ አሲድ አለበት፤ ዓሣ ደግሞ አሚኖ አሲድን በማሽተትም በመቅመስም ለይቶ ያውቃል። የደቀቀ ትል ይህን ፈሳሽ ባንድ ጊዜ ይለቀዋል። ውሃው ውስጥ ደመና ይሠራል። እዚያ ደመና ጋ ቀድሞ የሚደርሰው ማነው? ቁጥሩ የበዛው ነው፤ ትንሹ ፐርችና ሮች የሚባለው ትንሽ ዓሣ። ደቃቁን ለቃቅመው ሲጨርሱ ትልቁ ዓሣ ቢመጣም ታች የሚያቆየው ነገር የለም። ያንተ ሃያ ደቂቃ ይህ ይመስለኛል።

እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ትሉን እያደቀቅኩ ተወዳድሬያለሁ። ይበልጥ ከደቀቀ ይበልጥ ይሸታል፣ ይበልጥ ከሸተተ ይበልጥ ይስባል ብዬ ነበር የማስበው። አንድ ቀን ከሚዛን በኋላ ከጎኔ የነበሩት አዛውንት የተረፋቸውን ትል አሳዩኝ። ቁራጮቹ ገና ይንቀሳቀሱ ነበር። ከመሃላቸው ግማሽ ትል የሚያህሉም ነበሩ። «አንተ መቀሱን ስንት ጊዜ ነው የምትጫነው?» ብለው ጠየቁኝ። ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እቆጥራለሁ።

አሁን የማደርገውን ልንገርህ። ዴንድሮቤና የሚባለውን ትል አሥር ያህል ወስጄ ትንሽ ኩባያ ውስጥ አደርጋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከነአፈሩ ስለሆነ አፈሩን በወንፊት አራግፋለሁ። ትሎቹ ኩባያው ግርጌ ተጠቅልለው ቋጠሮ ይሠራሉ። መቀሱን ከላይ አስገብቼ አምስት ጊዜ እጫናለሁ፣ በየመሃሉ ኩባያውን ሩብ ዙር አዞራለሁ። ግርጌው ላይ ቡናማ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይላል፣ እርጥብ አፈር ይሸታል። ቁራጮቹ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲሜትር ከሆኑ አቆማለሁ። ትንንሾቹ ካስቸገሩኝ ደግሞ ቁራጩን ወንፊት ላይ አድርጌ በውሃ አለቀልቀዋለሁ። ፈሳሹ ሲታጠብ ደመናው ይቀንሳል፣ ቁራጩ ግን ይቀራል። ይህቺን ብቻዋን ብትሞክራት ለውጥ የምታይ ይመስለኛል።

ማድቀቅ ጭራሽ አያስፈልግም እያልኩህ አይደለም። ውሃው ቀዝቅዞ ዓሣው አልነካ ሲል፣ ወይም የምትፈልገው በቁጥር ብዙ ትንንሽ ዓሣ ሲሆን ደቃቁ ይሠራል። ሳያጠግብ ይጠራል። ትልቅ ፐርች፣ ብሪም ወይም ተንች ስትፈልግ ግን ቁራጩን አተልቀው።

ከትሉ ጋር ካስተር መቀላቀል እወዳለሁ። ካስተር እንደምታውቀው የዝንብ እጭ ቅርፊቱ ጠንክሮ ቡናማ ሲሆን ነው። አዲስ ሲሆን ይሰምጣል፤ ሲቆይ ግን እየቀለለ ስለሚንሳፈፍ የተንሳፈፈውን ቀድመህ ለይተህ ጣለው። አለበለዚያ ዓሣህን ከታች ወደ ላይ ይወስድብሃል።

ስለ መጠን ጠይቀሃል። ይህ እንደ ውሃው ነው። በሞቃት ወቅት ዓሣ በበዛበት ኩሬ ላይ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ትልቅ ኩባያ ላወርድ እችላለሁ። በቀዝቃዛው ወቅት ካናል ላይ ግን አምስት ትል ይበቃኛል። ከዚያ በላይ ከገባ ማውጣት የለም። ከመጠኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቦታው ነው። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ጥልቀቱን ክር ላይ በታሰረ የእርሳስ ክብደት ለካ፣ ታቹ ሜዳ የሆነበትን ፈልግ፣ ማዶ ዳር ላይ የማይንቀሳቀስ ምልክት ያዝ። ኩባያውን ሁልጊዜ እዚያው ነጥብ ላይ ገልብጠው። አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ከሄደ ዓሣው ተበትኖ ነው የሚበላው፣ አንተም መሃል ላይ ባዶ ቦታ ትጠብቃለህ።

ካወረድክ በኋላ ተወው! እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንቸኩለው። ትል ያወረድክበትን ቦታ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አትንካው። በዚያ ጊዜ ሌላ መስመር ላይ፣ ማለትም ሌላ የማጥመጃ ቦታ ላይ፣ በእጭ ሮች አጥምድ። መጀመሪያ ትንንሾቹ ይመጣሉ፣ ግርግር ይፈጥራሉ፣ ትልልቆቹ ቆየት ብለው ነው የሚገቡት። ቶሎ ከገባህ የምታወጣው ትንንሾቹን ነው፣ እያንዳንዱ ስትጎትተው ደግሞ ቦታውን ይረብሽብሃል።

መቼ ልጨምር ላልከው፣ እኔ የማየው የዓሣውን መጠን ነው። አምስት ጥሩ ፐርች ካወጣሁ በኋላ ስድስተኛውና ሰባተኛው እያነሱ ከመጡ፣ ታች ያለው ቁራጭ አልቋል ማለት ነው። ያኔ ጨምሬ ወደ ሌላው መስመር እሄዳለሁ። እየተበላ ሳለ ላዩ ላይ መጨመር ግን ብዙ ጊዜ አበላሽቶብኛል። አንድ ሌላ ነገር ልብ በል። ፐርቹ በደንብ እየመጣ ሳለ ድንገት ቀጥ ካለ ፓይክ፣ ሌሎች ዓሣዎችን የሚበላው ትልቅ ዓሣ፣ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ትል ብትጨምርም ጥቅም የለውም። ለአሥራ አምስት ደቂቃ ለቀህ ውጣ።

መንጠቆ ላይ የሚገባው ትል ታች ካለው ቁራጭ ተለቅ ማለት አለበት። እኔ 14 ወይም 16 ቁጥር መንጠቆ ላይ የትል ግማሽ አደርጋለሁ፣ መንጠቆውንም ከተቆረጠው ጫፍ አጠገብ አሳልፈዋለሁ። ፈሳሹ እዚያው ይወጣል፣ ጅራቱ ደግሞ ነጻ ሆኖ ይወዛወዛል። ትንንሾቹ አልሄድ ብለው ካስቸገሩህ ሙሉውን ትል አድርግ።

ፐርች ሲነካ ክሩ ላይ ያለችው ተንሳፋፊ አንዴ ሁለቴ ነቅነቅ ትላለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ትሰምጣለች። ስትነቀነቅ አትምታ፣ ማለትም መንጠቆው እንዲይዝ ዘንጉን አትሳብ። ስትሰምጥ ግን አትዘግይ። ይህን አጥብቄ የምልህ ፐርች ትልን እስከ ጉሮሮው ስለሚውጥ ነው። ዘግይተህ ከመታህ መንጠቆው ጥልቅ ይገባል፣ ዓሣውም ይጎዳል። መንጠቆ ማውጫህ ሁልጊዜ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ባርብ (ጫፉ አጠገብ ያለ የኋልዮሽ እሾህ) የሌለው መንጠቆ ደግሞ ብዙ ቦታ ደንብ ነው፣ ደንብ ባይሆንም እኔ ከሱ ሌላ አልጠቀምም። ዓሣው ከሚዛን በኋላ በሕይወት ተመልሶ ውሃው ውስጥ የሚገባ ነውና በደንብ ልንይዘው ይገባል።

ትሉን ጠዋት ከመኪና ስታወርድ ሁሉንም አትክተፈው። ይህን ስህተት አሁንም በየውድድሩ አያለሁ። ትል በቆዳው ነው የሚተነፍሰው። ቆዳው ከደረቀ ይሞታል፣ ሙቀትም ቶሎ ይገድለዋል። ተከትፎ ፀሐይ ላይ የቆየ ትል ይገረጣል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ዓሣም ይሸሸዋል። እርጥብ ጨርቅ የለበሰ ሳጥን ከወንበርህ ሥር ጥላ ውስጥ አስቀምጥ። በየጊዜው የሚያስፈልግህን ብቻ ቁረጥ። «ትል ሁለት ቦታ ሲቆረጥ ሁለት ትል ይሆናል» የሚባለውንም አትመን። አንዳንዱ ዓይነት ከፊት በኩል ያለው ክፍል ከተረፈ ጅራቱን መልሶ ያበቅላል፤ የቀረው ጅራት ግን ሌላ ትል አይሆንም። የተቆረጠ ትል ለሚቀጥለው ሳምንት አይቀመጥም።

የመጨረሻውን ሰዓት ጠብቅ። ፐርች የጠራራ ፀሐይ ወዳጅ አይደለም፤ በጥላና በደብዛዛ ብርሃን ነው በደንብ የሚያድነው። አምስት ሰዓት የሚፈጅ ውድድር ላይ እኔ ዳር ዳሩን፣ ቅርንጫፍ ያጠላበትን ቦታ ከሶስተኛው ሰዓት በኋላ መመገብ እጀምራለሁ። መንጠቆ የማገባበት ግን የመጨረሻው ሰዓት ላይ ነው። ለዚህ የሚሆን ትል ካልተረፈህ ያሳዝናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሲሶውን ለይተህ አስቀምጥ።

ከሚቀጥለው ውድድር በፊት አንድ ልምምድ ብታደርግ ደስ ይለኛል። እንግሊዝ ውስጥ ወንዞች ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ለኮርስ ዓሣ፣ ማለትም እንደ ፐርችና ሮች ላሉት፣ ዝግ ናቸው። በዚያ ጊዜ ካናል ወይም ኩሬ ላይ ሂድ። ሁለት ነጥብ ያዝ፣ ጥልቀታቸው እኩል ይሁን፣ በመካከላቸው ጥቂት ሜትር ይራቅ። አንዱ ላይ አሥር ትል ሰላሳ ጊዜ ከትፈህ አውርድ። ሌላው ላይ አሥር ትል አምስት ጊዜ ብቻ። ግማሽ ሰዓት ጠብቀህ እየተቀያየርክ አጥምድ፣ ከየትኛው ነጥብ ምን ያህል ዓሣ እንደወጣ ለየብቻ ጻፍ። የውሃውን ጥልቀትና አየሩ እንዴት እንደነበር ጨምረህ ላክልኝ፣ ቁጭ ብለን እናየዋለን።