«ሳይያዝብሽ ቀብድ ላኪ»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ የምኖር ነርስ ነኝ። ልደታ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ሥራ አግኝቼ በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አዲስ አበባ እገባለሁ። እዚያ ዘመድ የለኝም። በቴሌግራም ያገኘሁት ደላላ ጀሞ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ በወር 18 ሺህ ብር አለ ብሎ ፎቶ ልኮልኛል። ቤቱ ያምራል። አሁን ግን «ሦስት ሰው እየጠበቀው ነው፣ ሳይያዝብሽ 5 ሺህ ብር ቀብድ ላኪ» ይለኛል። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋሉ አሉ፤ ውሉ ላይ ደግሞ ኪራዩ 9 ሺህ ተብሎ ይጻፍ ብለዋል። የደላላው 10 በመቶ ነው ተብያለሁ። ልላክ ወይስ ይቅርብኝ? ያለ ደላላስ ቤት ይገኛል?
ነርሷ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ ብሩን አትላኪ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ይህን የምልሽ ደላላ ጠልቼ አይደለም። እኔ ራሴ መካኒሳና ጀሞ ዘጠኝ ዓመት ደላላ ነበርኩ፤ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ ነው። «ሦስት ሰው እየጠበቀው ነው» የሚለውን ስንቴ እንዳልኩት ብትጠይቂኝ አፍራለሁ። አንዳንዴ እውነት ነበር። ብዙውን ጊዜ ግን ሦስቱም ሰው እኔው ነበርኩ።

ፎቶውን የላከልሽ ልጅ ቤቱን በዓይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል። አንድ ደላላ ቤት ሲያገኝ ለባልንጀራው ይነግራል፣ ያኛው ለሌላው፤ ቁልፉ ግን ያለው አንዱ ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። «እኔ ጋ» ካለሽ ቤቱ ውስጥ ገብቶ በቪዲዮ ይደውልልሽና የኩሽናውን ቧንቧ ይክፈት። እውነተኛ ደላላ ሃያ ደቂቃ አይሰስትብሽም። ሌላው «አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ» ይልሻል። ደላላ ምን ስብሰባ አለው!

ስለ ቧንቧው እንዲሁ አልተናገርኩም። አንድ ጊዜ ጀሞ ላይ አራተኛ ፎቅ አራስ ልጅ ላላት ሴት አከራየሁ። «ውሃ አለ?» አለችኝ። «አለ» አልኳት። አልዋሸሁም፤ ውሃው በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ ያውም ሌሊት፣ ያውም ግፊቱ ከሁለተኛ ፎቅ አያልፍም። ከወር በኋላ ሌላ ሰው ቤት ላሳይ ስሄድ ደረጃው ላይ አገኘኋት። ልጁን አዝላ በሁለት እጇ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ትተነፍሳለች። አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ጀሪካኑን አስቀምጣ እንዳልፍ መንገድ ለቀቀችልኝ። ያን ቀን የማሳየው ቤት ምን ዓይነት እንደነበር እስከ ዛሬ አላስታውሰውም።

እና አንቺ «ውሃ አለ ወይ» አትበይ። በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንተኛ ፎቅ ድረስ እንደሚደርስ ጠይቂ፤ ሮቶ ካለ ደግሞ የግል ይሁን የጋራ። ከደላላው ይልቅ ጎረቤቷን ጠይቂያት። የደላላን እግሩን ተከራዪ እንጂ ዓይኑን አትከራዪ።

ያለ ደላላ ይገኛል ወይ ላልሽው፣ ይገኛል፤ ግን ከተማውን ለማያውቅ ሰው ከባድ ነው። ምሰሶ ላይ «የሚከራይ ቤት» ብሎ ከተለጠፈው ስልክ ብዙው የደላላ ነው። የአዲሱ መሥሪያ ቤትሽ ባልደረቦችና የኮንዶሚኒየም ጥበቃዎች ከቴሌግራም ይሻሉሻል። ጥበቃ ማን ሊለቅ እንደሆነ ከአከራዩ ቀድሞ ያውቃል። እኔም ግማሹን ቤት የማገኘው ከእነሱ ነበር።

ልጆቹን ለባለቤትሽ ትተሽ ለሦስት ቀን ነይ። ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ የመኪናውና የፔንሲዮኑ ወጪ ላላየሽው ቤት ቀብድ ከመስጠት ይሻላል። የወደድሽውን ቤት ቀን አይተሽ ማታ 2 ሰዓት ላይ ያለ ደላላው ተመለሺ። ቀን ጸጥ ያለው ሕንፃ ሥር ማታ ግሮሰሪ ይከፈት ይሆናል። የምሽት ተረኛ ስትሆኚ ቀን የምትተኚው አንቺ ነሽና መኝታ ቤቱ በየትኛው በኩል እንዳለም እይ። «ከአስፋልቱ አምስት ደቂቃ» የሚሉሽንም በእግርሽ ለኪው፤ የደላላ አምስት ደቂቃ እኔን ሃያ ያስኬደኛል።

ደግሞ ለምን ጀሞ ብቻ? ልደታ የባቡር ፌርማታ አለ። ከአያት ተነስቶ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ አድርጎ ጦር ኃይሎች የሚሄደው መስመር በዚያ ያልፋል። ጀሞ በርቀት ይቀርብሻል፤ ግን በታክሲ ሰልፍ ነው። ሁለቱንም በሥራ መግቢያ ሰዓት ሞክሪያቸው።

አሁን ወደ ብሩ። «10 በመቶ» ሲልሽ የምኑ 10 በመቶ? ከአንድ ወር ኪራይ ከሆነ 1,800 ብር ነው። ከስድስት ወሩ ቅድሚያ ከሆነ ግን 10,800 ይሆናል። ጠቡ ሁሌ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ያውም ዕቃ ከወረደ በኋላ። ቤት ከማየትሽ በፊት በጽሑፍ መልእክት ላኪለት፦ «የምከፍልህ ይህን ያህል ነው፣ ውል ስፈርምና ቁልፍ ስረከብ» ብለሽ። «እሺ» የምትለዋን መልስ አታጥፊያት። ደላላው ከአከራዩም እንደሚቀበል እወቂ፤ እኔ ከሁለቱም ወገን እቀበል ነበር፣ ልቤም በብዛት ወደ አከራዩ ያደላ ነበር። ተከራይ ይሄዳል፣ አከራይ ነገም ቤት አለው።

የስድስት ወሩ ቅድሚያ ሕግ አይፈቅደውም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በአንቺ ሒሳብ 36 ሺህ ማለት ነው። ውሉ በጽሑፍ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ በ30 ቀን ውስጥ የሚመዘገብ፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ክፍያ። ጭማሪ ቢሆን በዓመት አንዴ፣ መንግሥት በሚያወጣው መጠን ነው። አውቃለሁ፣ «ሕጉን ይዘሽ ሂጂ፣ ቤቱን ለሌላ ሰጠሁት» የሚል አከራይ ሞልቷል። በሁለት ወር የሚያከራይም አለ፤ ለእሱ ስትይ ሁለት ቀን ፈልጊ።

9 ሺህ ይጻፍ የሚሉት የኪራይ ገቢ ግብሩን ለማሳነስ ነው። «የእሳቸው ጉዳይ ነው» እንዳትይ፣ ፊርማው ያንቺም ነው። የቀረውን 9 ሺህ በየወሩ በእጅ፣ ያለ ደረሰኝ ትሰጫለሽ። አንድ ቀን «የሦስት ወር አልከፈለችም» ቢሉሽ ምን ታሳያለሽ? እዚህ ላይ እኔ ብሆን ሳልከራከር ተነስቼ እሄዳለሁ።

የምትፈርሚው ከባለቤቱ ጋር መሆኑን እይ፤ የቤቱን ካርታና መታወቂያቸውን አስተያዪ። ውጭ አገር ናቸው ከተባለ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና ይምጣ፤ ውክልናው ማከራየትን ይጨምር እንደሆነም አንብቢ። ያለፈው ተከራይ ያልከፈለው የውሃና የመብራት ቢል እንዳይወርድብሽ የመጨረሻውን ደረሰኝ ጠይቂ። ቆጣሪው ምጣድ ይችላል ወይ የሚለውንም አትርሺ። ፎቅ ላይ እንጀራ ስትጋግሪ መብራቱ ከጠፋብሽ ትዝ እልሻለሁ።

ቤቱ ሲገኝ ከቀበሌሽ መሸኛ አውጥተሽ ተነሺ፤ አለዚያ ለመታወቂያው ሐዋሳ ትመለሻለሽ። ኢሱዙው ሳይጫን ደግሞ የሰፈሩን ጫኝና አውራጆች በጥበቃው በኩል አግኝተሽ ዋጋ ቁረጪ። አራተኛ ፎቅ መሆኑን፣ ቁም ሳጥንና ፍሪጅ እንዳለ ተናገሪ። መኪናው ሕንፃው ሥር ቆሞ ሾፌሩ «ፍጠኑ» እያለ ከተደራደርሽ ዋጋውን እነሱ ይቆርጡልሻል። የአልጋውን ብሎኖች በላስቲክ ቋጥረሽ በቦርሳሽ ያዢያቸው። እኔ ቤት ያገኘሁለት ተከራይ ሁሉ የመጀመሪያውን ሌሊት ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ ያድር የነበረው በእነሱ ምክንያት ነው።